ከቅዳሴ መልስ፣ ታዮቹ ግቢ

እሑድ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ታዮቹ ግቢ። አራተኛ እሑዴ። አስካለ ነይ እኔ ጋ ምሳ እንብላ ስትለኝ ቀጠሮ አለኝ አልኳት። ከቤ/ክ በር ሳልርቅ ውሸት። ግን እኮ ቀጠሮ ነው። ከሰል ላይ የተጣደ ቀጠሮ።

ደብተር፣ ባለፈው ቸኩዬ ስለጻፍኩ ደግሜ ልንገርህ። ቦታው የታዮች ቤተ መቅደስ ነው። ቡድሃቸው ውስጥ ነው፤ ወደዚያ አላይም፤ መኪናዬን በወዲያኛው ጥግ ፓርክ አደርጋለሁ። በጓሮው ግን እሑድ እሑድ ሴቶቹ ድንኳን ጥለው ይጠብሳሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ይሸጣሉ። አገራቸው መንገድ ዳር የሚበላው ሁሉ እዚህ መኪና ማቆሚያ ላይ ተዘርግቷል። በእንጨት የተሰካ ዶሮ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ጥሬ ፓፓያ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ሙቀጫ ውስጥ። ድው፣ ድው፣ ድው። ዘነዘናው ከመንገድ ይሰማል።

ሰው ቆሞ ይበላል። እየሄደ ይበላል። እኔ ያደግኩት መንገድ ላይ የምትበላ ሴት ባል አታገኝም እየተባለ ነው። ባሉን አግኝቼ፣ ኖሬ፣ ቀብሬዋለሁ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ሦስት እሑድ ሙሉ ገዝቼ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ በላሁ። ዛሬ ኤሲው እምቢ አለ። በቴክሳስ ፀሐይ መኪና ዘግቶ መቀመጥ ራስን መጥበስ ነው። ወጣሁ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። ማንም አላየኝም። ሦስተኛው ቂጣ ላይ ስደርስ ወንበሩን ወደ ሰው አዞርኩት።

የበላሁት የኮኮናት ቂጣ ነው። ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው የብረት መጥበሻ ይጋገራል። ቅርጹ እንደ ግማሽ እንቁላል። ታቹ ይንኮሻኮሻል፣ አናቱ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ስኳር አለው፣ ጨውም አለው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የሽንኩርት ቅጠል! መጀመሪያ ያሰበው ሰው ደፋር ነው።

የምትጋግረው ኖይ ትባላለች። እንደኔ ወደ ስድሳው ትጠጋለች። ከመግዛቴ በፊት ሁልጊዜ አሳማ አለው ወይ እላታለሁ። ዛሬ አፌን ሳልከፍት፣ «አሳማ የለም፣ ፒ!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ፒ ማለት እንደኛ እትዬ ነው፤ ለታላቅ እህት። እኔም ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።

ፊቷ ግን። ይህችን ሴት የት ነው የማውቃት?


ማክሰኞ፣ መስከረም 20፣ ማታ 1 ሰዓት

ሥራ። አ/ማረፊያው አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ምግብ ኩሽና። በእያንዳንዱ ትሪ ላይ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ቅጠል። ሽታ የሌለው ምግብ። አስካለ ከጎኔ ቆማ ዳቦ ታስቀምጣለች። አስካለ የቤ/ክም የሥራም ጓደኛዬ ናት፤ ምላሷ አያርፍም፣ ልቧ ደግ ነው።

ቲማቲም እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አስካለ ጮኸችብኝ፤ ትሪዎቹ ባዶአቸውን እያለፉ ነው። አወቅኋት ደብተር። ያ «ፒ!» ብላ የጮኸችበት ድምፅ ነው። በእራት ሰዓት ከደረጃው ሥር ሆና «ፕሎይ!» ብላ ልጇን ስትጠራ እንዲሁ ነበር። ያኔ ስሟን አላውቅም። የፕሎይ እናት ነበረች።

አጭሩን ልጻፍ። ከ18 ዓመት በፊት፣ የድሮው አፓርትመንት። እኛ ፎቅ፣ እነሱ ምድር። ልጄ ቤቲ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ፕሎይም ዘጠኝ። ቤቲ የምትውለው እዚያ፣ የምትበላው እዚያ። በአዲስ ዓመታቸው ቀን ሴትዮዋ በልጆቹ እጅ አንድ ሰሃን ጣፋጭ ላከችልን። ቤ/ክ አንዷ የነሱ ነገር ለጣዖት የቀረበ ነው ብላኝ ነበር። ባሌ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለቱን አንስቶ ዋጠና፣ «ጣዖቱ ይጣፍጣል» አለ። የቀረውን ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት።

ይህ ትንሹ ነው። በማግስቱ ቤቲ ወደ ታች ልትሮጥ ስትል፣ የፕሎይ እናት ከእንግዲህ አትምጪብን ብላለች አልኳት። ሴትዮዋ እንዲህ አላለችም። እኔ ፈጠርኩት። ቤቲ አልጠየቀችም። ት/ቤትም ፕሎይን መሸሽ ጀመረች። በወሩ ቤት ለወጥን።

ለራሴ ስለ ሃይማኖቴ ነው እላለሁ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ቤቲ ወጤን ገፋ አድርጋ የፕሎይ እናት ምግብ ይሻላል ብላኝ ነበር። ቅናት ነው። በእጄ ስጽፈው ዛሬ የመጀመሪያዬ።


እሑድ፣ መስከረም 25፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልነግራት ሄድኩ። ሳልነግራት ሦስት ጊዜ በላሁ።

መጀመሪያ ፓፓያው። ኖይ ስንት ቃሪያ አለችኝ። አምስት አልኳት። ፈረንጆቹ አንድ ነው የሚሉት አለች። ፈረንጅ እመስላለሁ ወይ አልኳት። ወቀጠችው። እንባዬ ወረደ፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ በሙዝ ቅጠል ከሰል ላይ የተጠበሰ የሚጣበቅ ሩዝ፣ ውስጡ ሙዝ። ቀጥሎ ቂጣው። አዲስ ነገር ሠርታ ደግሞ በማንኪያ አፌ ውስጥ ከተተችው። ማጉረስ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔን አላወቀችኝም። ያኔ ቀጭን ነበርኩ፣ ጸጉሬ እንደ ጃንጥላ። ልጅ አለሽ አለችኝ። አንዲት። እሷም አንዲት። ልጇ ፎርት ዎርዝ ከተማ ነርስ ናት፣ መንታ ወልዳለች። የልጅሽ ስም ማነው ብትለኝ ምን እላለሁ? ሰልፉ ገላገለኝ።

ቃሪያ ትወጃለሽ ብላ ራሷ የሠራችውን ቀይ ነገር በጠርሙስ ሰጠችኝ። አዋዜ ይመስላል። በነጻ። ለእኔ።

ከላይብረሪ ስለ ታይላንድ መጽሐፍ ተዋስኩ። ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ የእንግሊዝኛ ፊደሉን ከቤቲ የት/ቤት ደብተር ነው የለቀምኩት፣ ማንም አላስተማረኝም። ከተማቸው ውስጥ ጀልባ ላይ ኑድል፣ ያን ቀጭን ፓስታ በሾርባ፣ ይሸጣሉ ይላል። ሾርባው ውስጥ ደም ይጨመርበታልም ይላል። ጥሩ ነው ማንበብ። ከእንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ አሳማ አለው? ደም አለው?


ረቡዕ፣ መስከረም 28፣ ከሥራ መልስ

ጉድ ሠራሁ።

ረቡዕ ጾም ነው። በምሳ ሰዓት ሽሮዬንና የኖይን ጠርሙስ አወጣሁ። አስካለ ምንድነው እሱ አለች። የታይ አዋዜ አልኳት። በእንጀራዋ ጠቀሰች።

«ውይ! ይሄማ የኛን ያስንቃል።»

ደገመች። ሠለሰች። ጠርሙሱን ወደ ራሷ አስጠጋች። የፊሊፒንሷ አለቃችን በአጠገባችን ስታልፍ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ይላል፣ ደስ ሲል አለች። የአስካለ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለች?»

«ሽሪምፕ።»

«የባሕር ትሉ?»

«ደርቆ፣ ተወቅጦ ይገባበታል መሰለኝ።»

«አንቺ ሴት! አንቺ እዚያ ቡድሃ ቤት ሄደሽ መፈሰክሽ አንሶ፣ እኔን በረቡዕ ምድር በእንጀራ ታስፈስኪኛለሽ?» አፏን ልትጉመጠመጥ ሮጠች። ተመልሳ ተቀመጠች። ጠርሙሱን አየችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሑድ ግን አይጾምም። ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?»

ዓሣ እንኳ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ያበደ ክርክር አለ፣ ይህ ደግሞ ዓሣም አይደለም። እኔ ያን ሁሉ ማሸጊያ የማነበው! በእጅ የተሠራ ጠርሙስ ግን ጽሑፍ የለውም። መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ አሳማ ጠየቅኩ፣ ስለ ደም ጠየቅኩ፤ ቃሪያ የጾም ነው ብዬ አመንኩ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1፣ ጠዋት

የንስሐ አባቴ ዘንድ። ሽሪምፑን ተናዘዝኩ። ሳቅ ሲይዛቸው አየሁ፣ በጺማቸው ደበቁት። ሳታውቂ ነው፣ ሠላሳ ስግደት ስገጂ አሉኝ። ስለ ቦታውም ጠየቅኳቸው። ለምስሉ ከቀረበው አትብዪ፣ ከገበያው ብዪ፣ ሰዎቹም እግዚአብሔር የፈጠራቸው ናቸው አሉ። ትከሻዬ ቀለለ። ያኔ እንዲህ ጠይቄ ቢሆን።

ከዚያ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። «ወለተ ሥላሴ፣ ሌላስ?»

የለም አባቴ አልኩ።

ስለ ቅንጣት ሽሪምፕ ሄጄ ዓሣ ነባሪውን ይዤ ተመለስኩ። ሠላሳውን ሰገድኩ። ጉልበቴ ታመመ። የሚገባኝ እሱ አይደለም።


እሑድ፣ ጥቅምት 2፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ነገርኳት።

ዝናብ ነበር። ሰው ሁሉ ድንኳን ሥር ታጭቋል። አስካለ አብራኝ መጣች፤ ገና ከመኪና ስትወርድ አማተበች፣ ከዚያ ወደ ዶሮው ሄደች፣ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ኖይ የምታግዛት ቀርታባት ብቻዋን ትሯሯጣለች። እኔን ስታይ ማሰሮውን አስጨበጠችኝ፤ እኔ ላውጣ፣ አንቺ ቅጂ አለች። የኮኮናቱን ሊጥ እየቀዳሁ፣ ዓይኔን ጉድጓዶቹ ላይ ተክዬ፣ በምትሰባበር እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። አፓርትመንቱን። ፎቁን። ሰሃኑን። ለልጄ ያልኩትን።

አንድ መጥበሻ ሙሉ አወጣች። ሰሃኑን አላስታውስም አለች። በዚህ አገር ስንት ሰሃን እንደላከች፣ ስንቱ እንደተደፋ፣ ሽታው ረበሸን ብለው ለማኔጀር የከሰሷት ሁሉ ነበሩ። ለምግብ አላዝንም አለች። ልጅቷን ግን ታስታውሳለች። ቤቲ! ጸጉሯ ሹሩባ! ቤት ከለወጣችሁ በኋላ ፕሎይ ት/ቤት ተዘግቶ እስኪከፈት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት አለች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ያላልኩትን በእኔ አፍ ተናገርሽ አለች። ጮክ አላለችም። ለልጅሽ ነገርሻት? አልነገርኳትም። ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?

«እያረረ ነው!» አለች፣ ቀዳሁ። ሰልፉ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ያህል አብረን ሠራን። ስሄድ እንደ ልማዷ ቂጣ በወረቀት ሰጠችኝ። ፒ አላለችኝም።

አስካለ መኪና ውስጥ ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም። እሷ አፏን እየጠረገች፣ «እኔ እንጨቱን ቆጥሬ ደንግጫለሁ፤ ሰባት። ደግነቱ ዶሮ ነው፣ ባሕር አልገባም» አለች። አሳቀችኝ። እግዜር ይስጣት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፣ ማታ 2 ሰዓት

ለቤቲ፣ ዴንተን ከተማ፣ ኮል አደረግኩ። የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። በስልክ ልነግራት አልቻልኩም። ስለ አየሩ፣ ስለ ኤሲው፣ ስለ አስካለ ሰባት እንጨት። ሳቀች። ከዚያ የሥራ ጓደኞቿ ለእራት ጠርተዋት እንዳልሄደች ነገረችኝ። ለምን? «አይ ዶንት ኖ ማሚ። ለጨዋነት ብለው ቢሆንስ? ማለቴ፣ ምናልባት አይፈልጉኝም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። ቤቲ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ካልተጠራች ሰው ቤት አትሄድም። ሄዳም ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ቶሎ ትነሣለች። ቤ/ክ ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ አሳደግሽ ይለኛል። እኔም አዎ ጨዋ ናት እላለሁ።

ጨዋነት ነው ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት ተመሰገንኩበት።

ደግሜ ደወልኩ። ቅዳሜ ጥቅምት 22 ታዮቹ በዓመት አንዴ የማታ ገበያ አላቸው፣ ነይ አልኳት። «አንቺ? የታይ ማርኬት? ሲሪየስሊ?» ሲሪየስሊ አልኳት። እመጣለሁ አለች።


እሑድ፣ ጥቅምት 23፣ ማለዳ። ዛሬ ቅዳሴ አልሄድኩም፣ አልተኛሁም

ትናንት። መጀመሪያ ጥሩውን።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢው ሌላ አገር ሆነ። ከዛፍ ዛፍ የወረቀት ፋኖስ። ጭሱ በብርሃኑ ውስጥ ወርቅማ። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ ሙዚቃ። ቤቲ በአንድ እጇ ከሰል ላይ የተጠበሰ ስኩዊድ የሚሉት ባለብዙ እግር የባሕር እንስሳ፣ በአንዱ ብርቱካን ቀለም ያለው ሻይ በወተት። እኔ ኑድል፤ አሳማ የለው፣ ደም የለው፤ ጠይቄያለሁ። እየሄድን በላን ደብተር! እኔ፣ እየሄድኩ! ማንጎ በሚጣበቅ ሩዝ ላይ፣ የኮኮናት ወተት ፈሶበት፤ አንድ ሳህን ለሁለት። በማንኪያ ተሻማን፣ የመጨረሻዋን እሷ ወሰደች። እናቴን አላወቅኋትም ነበር ወይ እያለች ትስቃለች።

ኖይ ድንኳን ሳንደርስ ቤቲ ከሌላ ሴት የኮኮናት ቂጣውን ገዛች። ነከሰች። ቆመች። ይሄን አውቀዋለሁ አለች። ልጅ ሆኜ፣ የፕሎይ እናት… አለችና ተወችው። ፊቷ ተዘጋ። ያን ፊት በዘጠኝ ዓመቷ አይቼዋለሁ።

ወንበር ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። አላስጌጥኩም። ቅናቱንም ነገርኳት።

«ሶ… አትምጪ አላለችም?»

አላለችም።

«ኔቨር?»

በፍጹም። እኔ ነኝ።

ቂጣውን ወረቀቱ ላይ መለሰችው። እኔን ሳታይ፣ «ጸጉሬ ነው ብዬ ነበር» አለች። አልገባኝም። «ቅቤው፣ ማሚ። ጸጉሬን ቅቤ ትቀቢኝ አልነበር? እሱ ሸቷት ነው ብዬ ነበር። በየቀኑ ታጠብኩ።»

አስታወስኩ። በዚያ ዓመት ቅቤ አልቀባም ብላ አለቀሰች። አሜሪካዊ ሆነች ብዬ ለታደሰ ስቄ ነው የነገርኩት።

ይቅርታ አልኳት። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ተነሣች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ በመኪናዋ ወደ ዴንተን ሄደች። አልተከተልኳትም።

እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ኖይ ከድንኳኗ አይታ ነበር። መጥበሻውን ለሌላ ሰው ትታ መጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻይ ያዘች። ጠጪ፣ ፒ አለች።

ጠጣሁ። አዝኛለሁ። ግን ደብተር፣ ልንገርህ፤ ማታ መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ስድስት ቀን ዝም። ዛሬ ደወለች።

የልጅነት ጓደኛዋን ልታይ ነው። ሴትዮዋ እሑድ እዚያ ትገኛለች ወይ አለችኝ። ትገኛለች። ፕሎይስ? ለኖይ ደውዬ እነግራታለሁ፣ ከፎርት ዎርዝ ሩቅ አይደለም አልኳት። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ፤ ትፈልገኛለች ግን?

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅሽ ከረመች አልኳት። ያንን ባለፈው አልነገርኳትም ነበር። አለቀሰች መሰለኝ። አላውቅም፣ ስልኩን ራቅ አድርጋዋለች።

«ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ኦኬ?»

ኦኬ።

«ማሚ፣ አሁንም ተናድጄብሻለሁ።»

እሺ የኔ እናት አልኳት።


እሑድ፣ ጥቅምት 30፣ ቀን 7 ሰዓት

ከቅዳሴ በቀጥታ ቤቴ። አስካለ መኪናዬን ተደግፋ ትጠብቀኛለች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ለዶሮ ተዘጋጅታ። ዛሬ አንሄድም አልኳት። ለምን? ዛሬ የልጆች ነው። ምን ዓይነት ልጆች፣ እኔን ማን አሳደገኝ አለች። ሁለት እንጨት ብቻ ገዝቼ ብመለስስ? አይሆንም። አኩርፋ ሄደች፤ እስከ ነገ ታኮርፋለች፣ ትሪ ላይ ዳቦ ስታስቀምጥ ይለቃታል።

ኖይ ትናንት ደውላ ነበር። ፕሎይ መንታዎቹን ይዛ ትመጣለች።

እኔ ሽሮ ጥጃለሁ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን፣ መስኮት ከፍቼ። በዚህ ሰዓት ሰልፉ ይረዝማል። ኖይ ላብ በላብ ናት። ቤቲ መኪናዋን አቁማ፣ መውረድ አቅቷት፣ መሪውን ይዛ ተቀምጣ ይሆናል። ወይም ወርዳለች።

አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ጻፍና ያዘው። ስትደውል ምን ተባባላችሁ አልላትም። አቀፈችሽ ወይ፣ አለቀሳችሁ ወይ፣ ስለ እኔ ምን አላችሁ፣ አንዱንም አልጠይቅም። ከነገረችኝ እሰማለሁ። ካልነገረችኝ የእሷ ነው፤ አንዴ በመካከላቸው ገብቼ ያደረግኩት ይበቃኛል።

ምን በላሽ ብዬ ግን እጠይቃታለሁ።